«አንተ» እንበል ወይስ «አንቺ»? የድምፅ አልባ ፊልም ክበብ የዓመት ዘገባ

መስከረም ላይ ስንጀምር ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩ። ሰኔ ላይ ሃያ ሁለት ደርሰዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የታሪክ ክፍሌን መጋረጃ እንዘጋና ፊልም እናያለን፤ ከዚያ እንከራከራለን። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይረዝማል።

ክበቡ የተወለደው ከአንድ ጥያቄ ነው። አምና አንዲት ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርታ «ቲቸር፣ እንደኔ ዓይነት ሰዎች ድሮም ነበሩ?» አለችኝ። ሴት ልጅ የምታፈቅር ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። የታሪክ መምህር ነኝና «አዎ፣ ነበሩ» ብሎ መሸኘት አልሆነልኝም። ማሳየት ፈለግሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ካሜራ ፊት የቆሙ ሰዎችን ከማሳየት የተሻለ መንገድ ደግሞ አልታየኝም።

ድምፅ አልባ ፊልም ሲባል ብዙ ልጆች ቻፕሊንን ብቻ ነው የሚያውቁት። አይፈረድባቸውም፤ አብዛኛው ጠፍቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 (የፊልሞቹን ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጣው ጥናት ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ተሠርተው ለእይታ የበቁ ረጃጅም ፊልሞችን ቆጥሮ 10,919 አገኘ። በመጀመሪያው ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ናይትሬት የሚባለው የዚያ ዘመን ፊልም በቀላሉ ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል። ስቱዲዮዎቹም ድምፅ ሲመጣ የድሮውን እንደ ቆሻሻ ጣሉት። ስለዚህ ወንድ ወንድን ያፈቀረበት ወይም ሴት እንደ ወንድ ለብሳ የወጣችበት አንድ ፊልም ዛሬ እጃችን ገባ ማለት ከስንት እሳት ያመለጠ ነገር ያዝን ማለት ነው። በ1916 ስዊድናዊው ማውሪትዝ ስቲለር የሠራው «ክንፎች» ጠፋ ተብሎ ሲታዘንለት ኖሮ፣ በ1987 ኖርዌይ ውስጥ ቅጂ ተገኘለት። ያም ሆኖ ሙሉ አይደለም።

ጥቅምት ላይ ሁለት ወላጆች ደወሉልኝ። «ልጄ ምንድነው የሚያየው?» ነው ጥያቄው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጥተው አብረውን እንዲያዩ ጋበዝኳቸው፤ አንዱ መጡ። አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ሲጀመር ሰዉ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ያነሱት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ጥያቄ አዘነቡባቸው። እኝህ አባት ከዚያ በኋላ ለክበቡ ምን እንዳደረጉ እመለስበታለሁ።

የክበቡ ግማሽ ያህል አማርኛ ከሚነገርበት ቤት የመጣ ነው። ልጆቹ ራሳቸው «ለእናቶቻችን ብናሳይስ?» አሉ። በምስሎቹ መሃል ብቅ የሚሉትን የጽሑፍ ካርዶች ወደ አማርኛ መመለስ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። ዓመቱን የበላው ሥራ ይሄ ሆነ። በበኩሌ ከፊልሞቹ ያልተናነሰ ያስተማረንም ይሄው ነው።

መጀመሪያ የያዝነው የኤርነስት ሉቢችን «ወንድ መሆን አልፈልግም» ነው፤ በ1918 በርሊን የተሠራ ኮሜዲ። ኦሲ የምትባል ልጅ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ካርታ ትጫወታለች፣ ትጠጣለች። አሳዳጊዎቿ ይቆጧታል። አንድ ቀን የወንድ ሱፍ አሰፍታ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍታ ዳንስ ቤት ትሄዳለች። እዚያ አዲሱን ጥብቅ አሳዳጊዋን ታገኘዋለች። አላወቃትም። አብረው ይጠጣሉ፣ ይሰክራሉ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሪው ውስጥ ይሳሳማሉ። ሰውዬው ወንድ እየሳምኩ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

እዚህ ጋ አማርኛችን ያዘን። እንግሊዝኛውም ጀርመንኛውም ሰው ሲያናግር ጾታ አይለይም። በአማርኛ ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት መወሰን አለብህ፤ «ጠጣ» ነው «ጠጪ»? ሰውዬው የሚያየው ወንድ ነው። እኛ የምናየው ኦሲን ነው። ሁለት ማክሰኞ ሙሉ ተከራከርን። መፍትሔውን ያመጣው ብዙ የማይናገር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። «እርስዎ» ጾታ የለውም አለ። ዝም ተባለ። እውነቱን ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ሲተዋወቁ «እርስዎ» ይባባላሉ፤ መጠጡ ሞቅ ሲያደርጋቸው «አንተ» ይመጣል፤ ጋሪው ውስጥ ሲሳሳሙም «አንተ» እንደሆነ ይቀራል። በማግስቱ ማንነቷ ሲገለጥለት ደግሞ ሰውዬው ደንግጦ ወደ «እርስዎ» ይመለሳል። አያቶቻችን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ለዚህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ፊልም ከባድ ነበር። «የፍሎሪዳ አስማት» ይባላል፤ በ1914 ሲድኒ ድሩ የሠራው ነው። ሊሊያን የምትባል ሀብታም ልጅ ከአፍሪካ የመጣ ዘር ስትውጥ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ሴቶችን ትስማለች፣ ከእነሱ ጋር ትደንሳለች፣ ኋላ ላይ ፀጉሯን ቆርጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ያወረድነው ቅጂ በተሳሳተ ፍጥነት ይሮጥ ስለነበር ሁሉም ነገር ቀልድ ይመስል ነበር። አንዱ ተማሪ ፍጥነቱን ቀነሰው። ያኔ ሊሊያን ሴት ጓደኛዋን ስታይ ዓይኗ ላይ ያለው ነገር ታየን። ሳቁ ቆመ።

ግሱስ? «ሊሊያን መጣች» የሚለው መቼ ነው «ሊሊያን መጣ» የሚሆነው? ዘሩን ስትውጥ? ፀጉሯን ስትቆርጥ? ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ።

ግን ፊልሙን ያቆምነው በዚህ አይደለም። የሊሊያን ጥቁር የቤት ሠራተኛ ሆና የምትተውነው ፊቷን ጥላሸት የተቀባች ነጭ ሴት ናት። ለሊሊያን መለወጡ ነፃነት ነው። ለሠራተኛዋ ግን ዘሩን የምትሰጣት አሠሪዋ ናት፤ ከተለወጠች በኋላም የሚታየው ስድብ የሆነ ቀልድ ነው። አንድ ልጅ «ዘሩ ከኛ ነው የመጣው። እኛ ግን ፊልሙ ውስጥ የለንም» አለ። ይህን ፊልም እንደ ትልቅ ግኝት የሚያነሱ ብዙ ጽሑፎች አሉ፤ ግኝትነቱን አልክድም። ለአንዱ በር እየከፈተ በሌላው ላይ መዝጋቱን ሳይናገሩ ማወደስ ግን ልክ አይመስለኝም። ለወላጆች እንዳይታይ ልጆቹ በድምፅ ወሰኑ። እኔም ተስማማሁ።

ጥር ላይ የተዋናይቷን የአላ ናዚሞቫን የ1923 ፊልም «ሰሎሜ» አየን። ተዋናዮቹ በሙሉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነበሩ የሚል ወሬ አለ። ማስረጃውን ፈልጉ አልኳቸው፤ አላገኙም። የታሪክ ትምህርት ነውና ወሬውን ወሬ ብለን አለፍን። አልባሳቱን ግን ማንም አልረሳውም።

ከዚያ «ከሌሎቹ የተለየ» መጣ። 1919፣ በርሊን። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ኦስዋልድ፤ አብሮ የጻፈውና ፊልሙ ውስጥም የሚታየው ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፌልድ ነው። ኮንራድ ፋይት የሚተውነው ቫዮሊን ተጫዋች አንድ ወጣት ተማሪውን ይወዳል። ይህን ያወቀ ሰው ገንዘብ እየጠየቀ ያስፈራራዋል፤ የጀርመን ሕግ አንቀጽ 175 በወንዶች መካከል ያለውን ግንኙነት ወንጀል ያደርገው ነበርና። መጨረሻው ሞት ነው፤ ሰውየው መርዝ ይጠጣል። ይህን ፊልም ያየነው ለወላጆች ቀድመን ነግረን፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ አብራን ተቀምጣ ነው። ካለቀም በኋላ ለረጅም ጊዜ አብረን ቆየን።

ፊልሙ በ1920 ታገደ። ናዚዎች በግንቦት 1933 የሂርሽፌልድን የጾታ ጥናት ተቋም ዘረፉ፣ መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጠሉ። ዛሬ የምናየው የተቆራረጠ ቅሪት ነው። አንቀጽ 175 ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1994 ነው። ይህን ስናገር አንዲት ልጅ «የኛስ አገር ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች። 629፣ አልኳት። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ። ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

የዚህ ፊልም ትርጉም የተቸገረው በአንድ ቃል ነው። እንደ ቫዮሊን ተጫዋቹ ያለውን ሰው በአማርኛ ምን እንበለው? ሰፈር ውስጥ የሚባለው ሁሉ ስድብ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ረጅም ነው፤ ካርዱ ስክሪን ላይ የሚቆየው ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ። ልጆቹ ቸግሯቸው በየቦታው «ግብረ ሰዶማዊ» ብለው ጻፉ። ትርጉሙን ያረመልን ጥቅምት ላይ የደወሉት አባት ናቸው። ወረቀቱ ሲመለስ ፊደል በቀይ ታርሟል፣ ነጥቦች ገብተዋል። ከዚያች ቃል ሥር ግን ሌላ ነገር ጽፈዋል፦ «ይህ ሰውየውን ከማወቃችን በፊት ይፈርድበታል። ሌላ ፈልጉ።» ልጆቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ አዩት። በመጨረሻ «ወንድ የሚያፈቅር ወንድ» አልን። ሦስት ቃል። ለመነበብ ይበቃዋል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ለቤተሰብ አሳየን። ሁለት ልጆች እየተፈራረቁ ካርዶቹን በአማርኛ አነበቡ፤ አንዲት ተማሪ ክራር፣ አንዱ ከበሮ። ለሉቢች ጭፈራ፣ ለኦስዋልድ ትዝታ። በመጀመሪያው ፊልም መሃል የክራሩ አንድ ክር ተበጠሰ። ልጅቷ አላቆመችም፤ በቀሩት አምስቱ ጨረሰች። በኦስዋልድ ፊልም መጨረሻ የሕግ መጽሐፍ ይታያል፣ አንቀጽ 175 ላይ ተከፍቶ። ብሩሽ የያዘ እጅ መጥቶ ይሰርዘዋል። እዚያ ላይ ሙዚቃ እንዳይኖር ልጆቹ ቀድመው ወስነው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የፕሮጀክተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃለች። ስትሰናበተኝ የትርጉሙን ወረቀት፣ ቀይ እርማት ያለበትን፣ ኮፒ ወሰደች።

በሚቀጥለው ዓመት በዴንማርካዊው ዳይሬክተር በድሬየር «ሚካኤል»፣ በ1924ቱ፣ እንጀምራለን፤ ከስቲለሩ ፊልም ጋር የአንድ ልብ ወለድ ልጅ ነው። ክራር ተጫዋቻችንም ተመርቃለችና ክራር ወይም መሰንቆ የሚችል ተማሪ ካለ ማክሰኞ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጣ። አማርኛ ማንበብ መቻል ግዴታ አይደለም።