ከናፍቆትህና ከኮሌስትሮል በቀር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከኮሌስትሮል በቀር ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሆነን አይደል? መጨረሻ ስንደዋወል ሪህህ ተነስቶብህ ነበር። «ሥጋውን ተው፣ ይገድልሃል» አልከኝ። እኔ ከሌሊት ሥራ ገና መግባቴ ነበር፤ ምክር አላሰኘኝም። ሳንጣላ ተኮራርፈን ቀረን። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ ሲሉኝ ግን አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ለሁለት አዘን፣ ሻኛውን አንተ እየለቀምክ ሚጥሚጣው ለኔ የሚተርፈው። ኮሶ ታይቶኝ መድኃኒት ልገዛ ስገባ እንኳ በሩ ላይ ቆመህ ስትስቅ ነበር፣ ክፉ።

ለማንኛውም፣ ምክርህን ሰምቻለሁ። አምና ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾምኩ። እንዴት መሰለህ? እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለኔ ብሎ ሽሮ የሚያንተከትክልኝ የለም። ከሥራ ስወጣ የጾም በርገር ከነቺፕሱ፣ ኮካ፣ ከዚያ ወተት የሌለው ብስኩት። ለፋሲካ አራት ኪሎ ጨምሬ ገባሁ! ሐኪሟ ሐበሻ ናት፤ የደም ምርመራውን ወረቀት ወደኔ አዙራ መጥፎው ኮሌስትሮል ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች። «ጾሜ እኮ ነው የከረምኩት» አልኳት። «ምን እየበላህ?» አለችኝ።

የማሸጊያውን ጀርባ ያነበብኩት የዚያን ዕለት ነው። የበርገሩ ስብ የኮኮናት ዘይት ነው። ከተክል ይምጣ እንጂ እንደ ቅቤ የሚረጋ ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ደግሞ ይሄ የሚረጋው ስብ ነው። ጨዉም ቀላል አይደለም። በርገሩን ብቻ ግን አልወቅስም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባጠናው 36 ሰዎች ለስምንት ሳምንት ሥጋውን በእንዲህ ያለው ተክተው ኮሌስትሮላቸው ቀንሷል። የኔ ጥፋት አጃቢው ሁሉ ነው።

እዚሁ አጠገቤ ቤተስዳ፣ የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ውስጥ፣ 20 ሰዎች ለአንድ ወር አስገብተው አጠኑ። ውጤቱ የወጣው በፈረንጆች 2019 ነው። ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ቤት እንደሚሠራ ያለ። የሚቀርበው ካሎሪ፣ ስኳርና ስብ በሁለቱም እኩል ነው፤ እስክትጠግቡ ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ጊዜ በአማካይ በቀን ወደ 500 ካሎሪ አብልጠው በሉ፣ አንድ ኪሎ ገደማም ጨመሩ። በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። የፋብሪካውን ሲበሉ ይፈጥኑም ነበር። ቺፕስን ማን ያላምጠዋል? ቆሎ ቢሆን እኮ መንጋጋህ ራሱ በቃ ይልሃል።

ስለዚህ ግማሹን ልክ ነበርክ። ሥጋውንም ነጻ አላወጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በፈረንጆች 2015 ቀዩን ሥጋ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚለው ጎራ አስገብቶታል። እንደ ሞርታዴላና ሶሴጅ ያለውን ግን «ያመጣል» ብሎ ነው የደመደመው። በቀን 50 ግራም መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር ዕድል 18 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። እንደ ሲጋራ ነው ማለት አይደለም፣ ደግሞ አጋንኖ ነገረኝ እንዳትል። ግን አንተ ቁርጡን እርም ብለህ ለልጆችህ ጠዋት ጠዋት ሞርታዴላ በዳቦ ትቋጥር ነበር። ዛሬም ከሆነ ተው። ሪህህንም ሥጋው ብቻ አይደለም የሚቀሰቅሰው። ቢራውን ረሳኸው እንዴ?

እኔ አሁን እሑድ እሑድ ምስርና ጎመን ሠርቼ ለሳምንቱ አስቀምጣለሁ። ጎመኑ ይጠቁርብኛል እንጂ ይበላል። ሥጋ በዓል ሲሆን ብቻ፣ እሱም ጥብስ ሆኖ ነው። ኮሶውን አልረሳሁትም።

ሽሮ ግን እዚህ የሚሸጠው አልጣመኝም። እማማ ይፈጫሉ አሁንም? የሚመጣ ሰው ካገኘህ ሁለት ኪሎ ላክልኝ። በርበሬ አለኝ። እና እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ፣ አንሳ።

ያው ወንድምህ