ለስድስት ሰው የተሰፈረ ድስት

ይድረስ ለጋዜጣው የምግብ ዓምድ አዘጋጅ፣

በዓምዱ የሚወጡት የአበሳሰል መመሪያዎች ለስድስት ሰው የተሰፈሩ ናቸው። ዓምዱን ቆርጠው ከሚያስቀምጡት መካከል ግን ልጆች ከቤት ወጥተውላቸው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ የሚያበስሉ አዛውንቶች ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ የተተወችላቸው ከግርጌ «ለጥቂት ሰው ከሆነ መጠኑን አካፍሉ» የምትል መስመር ናት። ይቺ መስመር ስንት ድስት እንዳሳረረች ቤት ይቁጠረው።

ሩዝን እንውሰድ። አንድ ኩባያ ሩዝ በስሎ እስኪያበቃ የሚጠጣው ውሃ አንድ ኩባያ ያህል ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው በእንፋሎት ለሚተነው መተኪያ ነው። የሚተነው ደግሞ ሩዙ በዛ አነሰ ብሎ አይለዋወጥም፤ የሚወስኑት የድስቱ አፍ ስፋት፣ የክዳኑ አገጣጠምና እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። አንድ ድስት ሦስት ኩባያ ሩዝ በአራት ኩባያ ውሃ ካበሰለ፣ አንዱ ኩባያ ተንኗል ማለት ነው። በዚያው ድስት ግማሽ ኩባያ ሩዝ ሲበስልም ያችው አንድ ኩባያ መትነኗ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ኩባያ ተኩል ነው። መጠኑን ለስድስት ያካፈለ ሰው ግን የሚጨምረው አንድ ኩባያ እንኳ የማይሞላ፣ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሩዙ ከታች ይይዛል፣ ከላይ ጥሬ ይሆናል፤ ጥፋቱም በሩዙ ላይ ይላከካል።

መፍትሔው ድስት መቀየር ነው። አፉ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድስት 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ውሃው የሚተንበት ገጽ ከእጥፍ ይበልጣል። ለሁለት ሰው 16ቱ ይበቃል፤ ታቹ ወፈር ያለ፣ ክዳኑም በደንብ የሚገጥም ቢሆን ይመረጣል።

ሽንኩርትም ያው ነው። አንድ ራስ ሽንኩርት ሰፊ ድስት ላይ ሲበተን በውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ያልቅና ሳይለሰልስ ጠርዙ ይጠቁራል። ጠባብ ድስት ውስጥ ተደራርቦ ሲቁላላ ግን በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል። መያዝ ሲጀምር አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጎ ታቹን በማማሰያ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ስልክ የሚጠራው ታዲያ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። የዕድሜ እኩያ ጓደኛ ስለ ጉልበቱ ሕመም ማውራት ከጀመረ ደግሞ በአምስት ደቂቃ አይጨርስም። ወይ ምድጃውን አጥፍቶ ማውራት ነው፣ ወይ ማማሰያውን እንደያዙ ከማድቤት መውጣት፤ እጅ ላይ ያለ ማማሰያ ድስት መጣዱን አያስረሳም።

ጊዜም አይካፈልም። እኩል የተቆረጠ ድንች ሁለት ሆነ ዐሥር የሚፈጀው ያው ነው፤ የሚያጥረው ውሃው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ጨው የሚጨመረው መረቁ ከተመጠጠ በኋላ ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ውሃው ሲያንስ ይበዛል።

ጥቂት ማብሰል የማያዋጣበት ነገር ቢኖር ቦሎቄ ነው። ያው ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ፣ ያው ረጅም እሳት። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል ከአንድ ኪሎ በላይ ይሆናልና በኩባያ በኩባያ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ሦስት ጓደኛሞች ተራ ገብተው አንዱ ቦሎቄ፣ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ምስር አብስለው መከፋፈል ይሻላል። አልለሰልስ ያለ ቦሎቄ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ነው፤ ከአዲስ ጋር ከተቀላቀለ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ቲማቲምና ሎሚም ልጣጩን ስለሚያጠነክሩ ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ። ቀይ ቦሎቄ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለእርግጠኝነት 30 ደቂቃ መፍላት አለበት። ሳይፈላ በለስላሳ እሳት ብቻ ከዋለ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ስለማይጠፋ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል።

በጓደኛሞች መካከል የሚመላለስ ምግብ የሚበላሸው ባብዛኛው ሲቀዘቅዝ ነው። ሙሉ ድስት ተከድኖ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር መሐሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ዕቃ ገልብጦ ከበሰለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ማስገባት፣ ቀኑን ጽፎ መለጠፍ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን መጨረስ ነው። ሩዝ ከሁሉ ይብሳል። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ክፍሉ መፍላትን ይቋቋማል፤ ሩዙ ውጭ ሲያድር የሚያመነጨውንም መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም።

ስለ እጅም ዓምዱ ዝም ብሏል። «ድንቹን ቀቅላችሁ አጥልሉ» ማለት የሚያማቸው አንጓዎች ላሉት ሰው ሦስት ሊትር የፈላ ውሃ ከነድስቱ አንሳ ማለት ነው፤ ውሃው ብቻ ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ድንቹን እጀታ ባለው ወንፊት ውስጥ አድርጎ መቀቀልና ወንፊቱን ብቻ ማውጣት፣ ውሃውን እስኪቀዘቅዝ እዚያው መተው ይቻላል። አልከፈት ያለ የጠርሙስ ክዳንም ከጉልበት ጋር አይገናኝም፤ ክዳኑን የያዘው በውስጡ ያለው የአየር እጥረት ነው። የማንኪያ ጫፍ ከክዳኑ ሥር ሰክቶ «ጧ» እስኪል ቀስ አድርጎ መፈንቀል፣ ከዚያ በላስቲክ ጓንት ማዞር። ጥንቃቄው ጠርሙሱ አፉ ላይ እንዳይሸረፍ ነው።

ከዕድሜ ጋር የማሽተትና የመቅመስ ስሜት ስለሚደክም እጅ ጨው ላይ ይፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ከማውጣት በፊት ጠብ የምትደረግ ሎሚ የጨውን ቦታ በከፊል ትሸፍናለች። በፖታሲየም የተተካውን ጨው ግን የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምት ያዛባል። ጓደኛ ቤት የሚላክ ሳህንም ጨው ሳይነካው ቢሄድ ይመረጣል፤ ተቀባዩ ይጨምርበታል እንጂ መልሶ አያወጣውም።

ስለዚህ ከመመሪያዎቹ አጠገብ የሁለት ሰው መጠን ለብቻው ተሰልቶ፣ ከድስቱ ስፋት ጋር ይውጣልን። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ «½ የሻይ ማንኪያ ጨው» ስትሉ ያቺ ደቃቅ ምልክት በመነጽር እንኳ አንዴ 1፣ አንዴ 12 ትመስላለች። «ግማሽ» ብላችሁ በፊደል ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ ቋሚ አንባቢዎች