እናቴና ወረፋው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች «ሜጋ፣ ሜጋ» ብቻ ሆነብኝ። እኔ በየቢሮው ገመድ ስዘረጋና ራውተር ስጠግን ነው የምውለው። ሜጋ ጨምሮ እንደገና የሚጠራኝ ደንበኛ ብዙ ነው።

የቤቴን ልንገራችሁ። እህቴ ዋሽንግተን ናት። እሁድ እሁድ ማታ ትደውላለች፤ እናቴም ነጠላዋን አስተካክላ ስልኩ ፊት ትቀመጣለች። አንድ ሰሞን ጨዋታቸው አልሰምር አለ። እናቴ ትጠይቃለች፤ ዝም። ደግማ ስትጀምር የእህቴ መልስ ይመጣና ይጋጫሉ። ከዚያ ሁለቱም ዝም። «ይቺ ልጅ አኩርፋኛለች» አለች እናቴ።

ያኮረፈ የለም። ጓዳ ውስጥ ወንድሜ የአጎታችንን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ እየጫነ ነው። ፒንግ ሳደርግ (ትንሽ መልእክት ልኬ እስኪመለስ ስንት እንደሚፈጅ ስለካ)፣ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ የነበረው ደርሶ መልስ ከ1 ሰከንድ በላይ ሆኗል።

የስልክ ድምፅ ብዙ ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረሰ ነው የሚላከው፤ በሰከንድ 50 ቁራጭ። ቪዲዮው ግን ያገኘውን መንገድ ሁሉ ይሞላል። የተረፈውን ራውተሩ ቋቱ ውስጥ ያሰልፈዋል፤ የእናቴ ድምፅ ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል። ቪዲዮ ቢዘገይ ያው ቪዲዮ ነው፤ «ደህና ነሽ?» ሲዘገይ ግን ኩርፊያ ይመስላል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር፣ ለንግግር የአንድ መንገድ መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ነው።

ሜጋ አልጨመርኩም። የኔትወርክ ተመራማሪዎቹ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ኮደል የሚባል የሰልፍ መቆጣጠሪያ ዘዴ አውጥተዋል። የሰልፉን ርዝመት ትቶ፣ ፓኬቱ (የሚላከው ቁራጭ) ስንት ጊዜ ተሰልፎ እንደቆየ ይለካል። ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ መቆየት ልማድ ሲሆን ፓኬት መጣል ይጀምራል፤ ላኪውም ይገባውና ረገብ ይላል። በኋላ የመጣው የኮደል ታናሽ ወንድም፣ ኤፍኪው-ኮደል፣ ደግሞ ስልኩንም ቪዲዮውንም ለየብቻ ያሰልፋል። የእኛ ራውተር ላይ እሱን አበራሁት። የመላኪያውን ፍጥነትም ከመስመሩ ልክ ትንሽ ዝቅ አደረግኩ፤ ያለዚያ ሰልፉ ከራውተሩ ወዲያ፣ እኔ ወደማልነካው ቦታ ይሸሻል። ወንድሜ «ቪዲዮዬ ዘገየ» ብሎ ትንሽ አጉረመረመ። ይቻለው።

እንግዲህ ልመናዬ፦ በሚቀጥለው ጊዜ የኢንተርኔት ድርጅቶችን ስታነጋግሩ፣ መስመሩ ጢም ብሎ ሲሞላ መዘግየቱ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁልን። ቁጥሩንም ከሜጋው ጎን አትሙት።

የኔትወርክ ጥገና ሠራተኛ፣ ከሳሪስ