ክንፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ታዲያ ለምን በረረ?

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና፤ እንደምን ሰነበትሽ?

ለሰባተኛ ክፍል ልጆችሽ ስለ አውሮፕላን የምታስተምሪበት አራት ክፍለ ጊዜ እንደተሰጠሽ ጽፈሽልኛል። ሁለቱን ለታሪክ፣ ሁለቱን ለፊዚክስ ልታደርጊ ያሰብሽውን ግን ተዪው። ለየብቻ ሲቀርቡ ታሪኩ የስምና የዓመት ሽምደዳ ይሆናል፤ ፊዚክሱም ቀስት የበዛበት ሥዕል ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የተሰናከሉበት ቦታ ላይ ልጆቹም በእጃቸው ይሰናከሉ፤ ያኔ ታሪኩ ፊዚክሱን ይዞት ይመጣል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያውን ቀን ንግግር አታብዢ፤ ሞተር የሌለው ትንሽ አውሮፕላን፣ ግላይደር ይሥሩ። በአንድ ቡድን ሦስት ልጅ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቡድን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም፣ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ፕላስተርና ጥቂት የወረቀት ክሊፕ ያስፈልጋል። ክንፉ 30 በ6 ሴንቲ ሜትር፣ አግድም ጭራው 12 በ4፣ የሚቆመው ጭራ 5 በ4 ይሁን። የክንፉ የፊት ጠርዝ ከዘንጉ አፍንጫ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይግባ፤ ጭራዎቹ ዘንጉ መጨረሻ ላይ ይለጠፉ። ክንፉን መሃል ላይ ሳትበጥሺ በስሱ ቁረጪና ጫፎቹ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ቀና እንዲሉ አድርጊ፤ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል የሚመልሰው ይህ ቅርጽ ነው። ሽታው የሚከረፋ ፈጣን ማጣበቂያ ግን እንዳይነካው፤ ብዙዎቹ ፎሙን ያቀልጡታል።

ከዚያ ሚዛን። ክንፉን ከሥር፣ ከፊት ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ላይ፣ በሁለት ጣት ደግፈው አግድም እስኪቆም ድረስ አፍንጫው ላይ ክሊፕ ይጨምሩ። አብዛኛው ልጅ ይህን ዘልሎ ወደ መወርወር ይሮጣል፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሙከራ አንዱም የማይበርለት።

ውርወራውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ልጆች ድንጋይ እንደሚወረውሩ ሽቅብ ያስወነጭፉታል። በትከሻ ከፍታ፣ አፍንጫው ትንሽ ቁልቁል ብሎ፣ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ተነሥቶ፣ አየር ላይ ቆም ብሎ፣ በአፍንጫው ከወደቀ ክሊፕ ይጨመርለት፤ ወይም የአግድም ጭራው የኋላ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይታጠፍ። ገና ከእጅ ሲወጣ አፍንጫውን መሬት ላይ የሚተክል ከሆነ የዚህን ተቃራኒ ያድርጉ። ወደ አንድ ጎን እየዞረ የሚያስቸግረውን ከኋላው ሆነሽ በአንድ ዓይን እዪው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተጣመመ ክንፍ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ይመዝግቡ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ቡድን የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ያ «ተነሥቶ፣ ቆም ብሎ፣ ወደቀ» የሚሉት ነገር ስቶል ይባላል። ስሙን ግን ሁሉም በዓይኑ ካየው በኋላ ንገሪያቸው። ወዲያው ኦቶ ሊሊየንታልን አንሺ። ይህ ጀርመናዊ ከ1891 እስከ 1896 ድረስ በራሱ ግላይደሮች ወደ 2,000 ጊዜ ያህል ከኮረብታ ተንሸራቷል። የሚቆጣጠረውም ከክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማዘንበል ነበር። በኦገስት 1896 አፍንጫው ሽቅብ ተነሣበት፣ ስቶል አደረገ፣ ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። ልጆቹ የእሱ ክሊፕ የገዛ ሰውነቱ እንደነበር ሲገባቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሁለተኛው ቀን የጥያቄ ቀን ይሁን። «ለምን በረረ?» ብለሽ ስትጠይቂ አንዱ የታወቀውን መልስ ይሰጥሻል፤ የክንፉ ላይኛ ወገን ጉብ ያለ ስለሆነ አየሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ከታችኛው አየር ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፣ የፈጠነ አየር ግፊቱ ዝቅ ይላል የሚለውን። ያን ጊዜ የገዛ ግላይደራቸውን አንሥተሽ አሳያቸው። ክንፉ እኮ ጠፍጣፋ ነው! ላዩም ታቹም እኩል ነው፤ ግን በረረ። ተገልብጦ የሚበር አውሮፕላንም አለ። በላይና በታች የተለያዩት አየሮች ከኋላ እኩል እንዲገናኙ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም፤ ሲለካም የላዩ ቀድሞ ነው የሚያልፈው። የላዩ አየር መፍጠኑና ግፊቱ መቀነሱ እውነት ነው፤ ውሸቱ የተሰጠው ምክንያት ነው።

በምትኩ የምትነግሪያቸው ይህን ነው፦ ክንፍ አየርን ወደ ታች ያጎብጣል፣ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኒውተን ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለ ያለው ነው። ለማሳየት ማንኪያ ይበቃል። የማንኪያውን እጀታ ጫፍ በሁለት ጣት ላላ አድርገሽ አንጠልጥዪና ጉብ ያለውን ጀርባውን ከቧንቧ ወደሚወርድ ውኃ በቀስታ አስጠጊ። ሁሉም ውኃው ማንኪያውን ገፍቶ የሚያርቀው ይመስለዋል። ማንኪያው ግን ወደ ውኃው ይሳባል። ዝቅ ብለው ውኃውን ይዩት፤ የማንኪያውን ጉብታ ተከትሎ ታጥፏል። ውኃው ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ማንኪያው ወደ ሌላው።

የወረቀት ክር ላይ የመንፋቱን ሙከራም አድርጉት፤ ግን በሁለት መልኩ። ጎብጦ የተንጠለጠለውን ክር በላዩ ሲነፉበት ይነሣል። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የተሰቀለውን በአንድ ጎኑ ወደ ታች ሲነፉበት ግን ወደ ትንፋሹ አይሳብም። ትንፋሹ በሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ ጉብታው ነው፤ አየሩ ጉብታውን ተከትሎ ሲታጠፍ ነው ግፊቱ የሚቀንሰው። ብዙ መምህር የመጀመሪያውን አሳይቶ ያቆማል፤ ስለዚህም ሳያውቅ ስሕተቱን ያስተምራል።

ሦስተኛው ቀን ሞተር ባለው አውሮፕላን የበረሩት የአሜሪካኖቹ የራይት ወንድማማቾች ነው። «ደፋር ነበሩ» ብለሽ አትለፊያቸው፤ ብርታታቸው መለኪያ ላይ ነበር። በ1901 የሠሩት ግላይደር ያነሣው ክብደት ካሰሉት ሲሶ ያህሉን ብቻ ነበር። ቤታቸው ተመልሰው 1.8 ሜትር የሚረዝም፣ አፉ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የነፋስ ሣጥን ሠሩና ወደ 200 የሚጠጉ ትንንሽ የክንፍ ቅርጾች ፈተኑ። ስሌቱ የቆመበት፣ የነፋስን ግፊት ለማስላት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል የኖረው 0.005 የሚለው ቁጥር ስሕተት መሆኑን አወቁ፤ ትክክለኛው 0.0033 ገደማ ነው።

እናንተም ሣጥን ሥሩ። አፉ 40 በ40፣ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በሁለቱም ጫፍ ክፈቺ። ማራገቢያውን ከኋላ አድርጊው፤ አየሩን ስቦ ያውጣ እንጂ ወደ ውስጥ አይንፋ። ከፊት የሚነፋ ማራገቢያ አየሩን እያሽከረከረ ስለሚልከው ንባቡ ይዋዥቃል። የፊቱን አፍ በ10 ሴንቲ ሜትር የመጠጫ ቀሰሞች አጭቀሽ ሙዪው። 20 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ በቀጭን ዘንግ ላይ አቁሚ፤ ዘንጉ በሣጥኑ ወለል በትንሽ ቀዳዳ አልፎ ከታች 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ በከባድ መቆሚያ ይረፍ። ዘንጉ የቀዳዳውን ጠርዝ ከነካ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም፤ ሙከራው አልሠራ ሲል መጀመሪያ እሱን ፈትሺ። ሚዛኑን ዜሮ አድርጊና ማራገቢያውን አብሪ። ክንፉ ሲነሣ ሚዛኑ ከዜሮ በታች ያነባል፤ ያ ነው የሚያነሣው ኃይል። ክንፉን በ0፣ በ5፣ በ10፣ በ15ና በ20 ዲግሪ እያዘነበሉ ይመዝግቡ። መጀመሪያ ከማዕዘኑ ጋር ይጨምራል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። ስቶል በቁጥር ሲታይ ያ ነው። ቀጥሎ ጎበጥ ያለ ካርቶን በ0 ዲግሪ ይሞክሩ፤ ጠፍጣፋው ምንም በማያነሣበት ማዕዘን እሱ ያነሣል። የጉብታው ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

የማነሣቱ ነገር እንዲህ ከተፈታ የቀረው መቆጣጠር ነው። በግላይደሩ ክንፍ የኋላ ጠርዝ፣ ጫፎቹ አጠገብ 5 በ1 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፤ የቀኙን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ የግራውን ወደ ታች አጥፉ፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ራይቶች ይህንኑ ክንፉን ራሱን በገመድ በማጣመም ነው ያደረጉት። ችግሩ አብዝቶ የሚያነሣው ክንፍ አብዝቶም ስለሚጎተት አፍንጫው ወደማይፈለግበት መዞሩ ነበር። በ1902 የሚንቀሳቀስ የጭራ መሪ ጨምረው ገላገሉት።

በዚያው ዘመን አውሮፕላን የሠራውን አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሳሙኤል ላንግሌይን እዚህ ላይ አምጪው። 52 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረው። ሰው በግላይደር ሳይለማመድ ማሽኑ ከጀልባ ላይ እንዲወነጨፍ ተደረገና ኦክቶበር 7 እና ዲሴምበር 8 ቀን 1903 ሁለቴም ወንዝ ገባ። ራይቶች ከዘጠኝ ቀን በኋላ የበረሩት በ12 ፈረስ ጉልበት ነው። ዲሴምበር 17 በአሜሪካ፣ በኪቲ ሆክ አጠገብ የመጀመሪያው በረራ 36.5 ሜትር በ12 ሰከንድ፣ አራተኛው 260 ሜትር በ59 ሰከንድ ነበር። የመጀመሪያውን ልጆቹ ያስሉት። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ነው የሚወጣው! ብስክሌት ይቀድመዋል። እንዴት በረረ? ፊት ለፊት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ስለነበር። ክንፉ የሚያውቀው የመሬቱን ሳይሆን የአየሩን ፍጥነት ነው፤ ለእሱ ከ50 በላይ ነው። አውሮፕላን ዛሬም ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ የሚነሣው ለዚህ ነው። የአየር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያነሣው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ለአራተኛው ቀን የተረፈውን ታሪክ በአጭሩ ሂጂበት። ፈረንሳዊው ብሌሪዮ በ1909 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር፣ የእንግሊዝን ቻናል፣ በአውሮፕላን ተሻገረ። የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ያሏት ጥቁር አሜሪካዊት ቤሲ ኮልማን ፈረንሳይ ሄዳ በ1921 ፈቃዷን አገኘች፤ እሷን አትዝለያት፣ ሴት ተማሪዎችሽ ይፈልጓታል። የመጀመሪያው ጄት አውሮፕላን፣ የጀርመኑ ሄንክል 178፣ በኦገስት 1939 ተነሣ።

ሰፋ አድርገሽ የምትቆዪበት ኮሜት ነው። በ1952 መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረ የመጀመሪያው ጄት ነበር፤ በ1954 ሁለቱ አየር ላይ ተበታተኑ። የሌላ ኮሜትን አካል ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ከትተው ግፊቱን ደጋግመው ከፍና ዝቅ ሲያደርጉበት ተሰነጠቀ። በየበረራው ሆዱ በአየር ግፊት እየተነፋና እየረገበ ብረቱ ዝሎ ነበር፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ብረቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሚበረታበት ከመስኮትና ከመሳሰሉት ቀዳዳዎች ጥግ ነው። ይህን ለማሳየት የግላይደሩን ክሊፕ ይፍቱና አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ያጣጥፉት፤ ስንተኛው ላይ እንደሚሰበር ይቁጠሩ። አንዱ በጥቂቱ ይሰብረዋል፣ ሌላው በብዙ። ማዕዘኑን ያሰፋ ቶሎ፣ ያጠበበ ዘግይቶ ነው የሚሰብረው፤ ይህንን ግን አትንገሪያቸው፣ ከቁጥራቸው ያውጡት። ክሊፕ አብዝተሽ ያዢ፤ ከግላይደሩ ላይ እየፈቱ የሚያመጡብሽ ይኖራሉ።

አባትሽ