ደብተርሽን እንዳትጥዪው

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የእናትሽም ወገቧ ተሻላት፣ ላማችን ቡሬም ወለደች። ትናንት አክስትሽ ደውላ ሒሳብ 38 አመጣሁ ብለሽ ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመስሽ፣ ከሚኒ ሚዲያውም እንደወጣሽ፣ የግጥም ደብተሩንም "ለከሰል ማቀጣጠያ ላድርገው" እንዳልሽ ነገረችኝ። በይ ስሚኝ፣ ደብተሩን እንዳትጥዪው።

አልተቆጣሁም አልልም፣ ተቆጥቻለሁ። 12ኛ ክፍል ቀልድ አይደለም፣ በ2014 ከተፈተነው ግማሹን ያመጣ ከመቶው 3 ሰው ያህል ብቻ ነው፣ ያን ዓመት የአጎትሽ ልጅ እንዴት እንደሆነ በዓይንሽ አይተሻል። ግን አንቺን ከሒሳብ የጣለሽ ግጥሙ አይደለም፣ ስልኩ ነው፣ ሌሊት 6 ሰዓት ኦንላይን ሆነሽ አይሻለሁ እኮ!

ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። በ1988 ማትሪክ ልፈተን 2 ወር ሲቀረኝ ግጥም ምን ይሠራልኛል ብዬ 3 ደብተር ሙሉ ለጉልት ሻጭ ሸጥኩና ማታ ማታ የማጠናበት ሻማ ገዛሁበት። ውጤት ሲለጠፍ 1.6። ግጥሙንም ትቼ አላለፍኩም። ክረምት ላይ አያትሽ በርበሬ ግዛ ብላ ልካኝ ቤት መጥቼ ጥቅሉን ስፈታው የራሴ እጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት፣ ወረቀቱ ቀልቶ ቀልቶ 4 መስመር ብቻ ይነበባል፣ ስለሷ ስለራሷ ጠላ ስትጠምቅ የጻፍኩት ነበር። በርበሬውን ገለበጠችና ወረቀቱን እሳት ውስጥ ከተተችው፣ ማንበብ አትችልም በምን ታውቃለች፣ እኔም ዝም ብዬ አየሁ። ያ ዝም ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ ከዕቁብ መዝገብ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። እንዳትጥዪው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አያትሽ አባቴ ዋሸራ ቅኔ ሲማሩ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነበር፣ በየቀኑ አዲስ ነው፣ ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ግን ሲጀመር በጉባኤ ቃና ነው፣ 2 ቤት ብቻ፣ 8 ቤቱን መወድስ ኋላ ነው የሚደረስበት። አንቺም እስከ ፈተናው በቀን 2 መስመር ጻፊ፣ ከዚያ ዘግተሽ ወደ ሒሳብሽ። ጋዜጠኛ እሆናለሁ ያልሽኝን አልረሳሁም፣ ሶሻል ገባሽ ብዬ 3 ወር ያኮረፍኩሽ የነርስ ደመወዝ አስቤ እንጅ ልብሽን ንቄ አይደለም፣ ይቅር በይኝ ልጄ።

ደግሞ ከሰል አንድደሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፣ ብርድ ቢሆንም እንዳታደርጊው! በፈተናው ምዝገባ ላይ ስምሽን ከነአያትሽ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት አይተሽ አረጋግጪ። ግቢ ስትገቡ ስልክ አይፈቀድም፣ ለአክስትሽ ስጫት።

በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ ሐሙስ በመኪና ይደርስሻል፣ 500 ብርም በቴሌብር ልኬያለሁ። ማዳበሪያውን በዚያው መኪና መልሽልኝ። ያንን ስለ ጨሞጋ ወንዝ የጻፍሽውንም ገልብጠሽ ውስጡ ክተችልኝ፣ እኔ ለእናትሽ አነብላታለሁ። ዋናው ደብተር ግን ካንቺ ዘንድ አይውጣ።

አባትሽ
ከደብረ ኤልያስ