ማህተም የሌለው ብር

ከጅማ

ይድረስ እንደ እህቴ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ስለ ጌጥ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም፤ ግን አንቺም ዝምታውን የሰበርሽው ከእናትሽ ሣጥን የወጡትን የብር ጌጦች ፎቶ ልከሽ፣ እውነተኛና የቆዩ ናቸው ወይ ብለሽ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ስንገናኝ አብረን እናለቅስላቸዋለን።

«ማህተም ከሌለው ብር አይደለም፣ እንደ ቁርጥራጭ መዝኜ ልግዛሽ» ያለሽ ባለሱቅ ወይ አያውቅም ወይ አላዋቂ አድርጎሻል። ማህተም የፈረንጅ ሥርዓት ነው። የኛ አንጥረኛ ድሮ ምን ማህተም ይመታል? ደንበኛው ጠገራ ብሩን፣ ማለት የማርያ ቴሬዛን ሳንቲም፣ ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ተመዝኖ ዓይኑ እያየ ይቀልጥለታል፣ አለቀ።

ከላክሽልኝ ውስጥ ማህተም ያየሁት ሦስቱ ላይ ብቻ ነው። የደረት ጌጡ ጀርባ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ የሚራመድ አንበሳ፣ መልሕቅና አንድ ፊደል አለ። አንበሳው የእንግሊዝ ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ማለት ነው። መልሕቁ በበርሚንግሃም መመርመሩን ይናገራል (ባሕር የሌላት ከተማ መልሕቅ መምረጧ ይገርመኛል)። ፊደሉ ዓመቱን ያሳያል፤ ሆኖም ፊደሎቹ ዙር ጠብቀው ስለሚደገሙ አጣጣሉንና ዙሪያውን የከበበውን ክፈፍ አጥርቼ ሳላይ ዓመት አልጠራልሽም። ቀጭኑ አምባር ላይ ከ800 ጋር የተመታው ጨረቃና ዘውድ ደግሞ የጀርመን ነው፤ በነሱ አቆጣጠር ከ1888 ወዲህ የመጣ ምልክት ነው። ማንኪያው ላይ «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚለው ብር የተነከረ ቅይጥ ነው፣ ውስጡ ብር የለውም። እሱን ለታናሽሽ ልቀቂላት።

ትልቁ ሀብትሽ ግን ማህተም የሌለው ነው። ድሪው ላይ ያሉት ማርያ ቴሬዛዎች ላይ 1780 አንብበሽ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ» ብለሽኛል። ቀስ በይ! ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንም የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ቁጥሩ የድሪውን ዕድሜ አይነግርሽም። ብርነቱን ከፈለግሽ የአንዱ ሳንቲም ክብደት 28 ግራም ግድም፣ ጥራቱ ከ1000 እጅ 833 ነው። የድሮ ሰዎች ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች 9 መሆናቸውን ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት፤ አንቺም ቁጠሪያቸው።

የአንገት መስቀሉን ጀርባ በማጉያ እይልኝ። ብዙ መስቀሎች ከጠገራ ብር ተቆርጠው ስለተሠሩ የሳንቲሙ ምስል ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ይቀራል። ከግራ ክንዱ ሥር የሳንቲሙ ጀርባ ላይ ያለውን የንስር ላባ የመሰለ ነገር ያየሁ መስሎኛል። በየስጦታ ሱቁ «ጥንታዊ ነው» እየተባለ 925 ተመትቶበት ከሚሸጠው መስቀል ይህ ይበልጥብኛል። ቁጥሩ ብርነቱን ቢናገር ነው፤ እርጅናውንማ ከየት አምጥቶ?

አልቦዎቹ ልክ አንድ አይደሉም ብለሽ መጨነቅሽ አሳቀኝ። እኔ የወደድኩት እሱን ነው። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጥንድ ትንሽ ይለያያል፤ ፍጹም መንትያ ሆኖ ባገኘው ነበር የምጠረጥረው። አበላሉንም ተመልከቺ፤ የተለበሰ ጌጥ የሚሳሳው ክር በሚያልፍበት ቀለበትና ገላ በሚነካው በኩል ነው። ለማስረጀት ተብሎ የጠቆረ ግን ጉብታውም ጉድጓዱም እኩል ይጠቁራል። እናትሽ የጅማ ሙሽራ ነበሩ፤ በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ቡናው በጠገራ ብርና በአሞሌ ጨው ነበር የሚለወጠው፤ ብሩም በአንጥረኛ እጅ አልፎ ሴቶቹ አንገትና እግር ላይ ወጣ። የድሪውን ፎቶ መርካቶ ላሉ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ አሳይቻቸው፣ ጥቃቅኗን ፍሬ አንድ በአንድ የሚበይድ ዛሬ ማን አለ ብለው ብዙ ቆዩበት።

በሎሚም በአመድም በጥርስ ሳሙናም እንዳትፈትጊው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁረት ምስክርሽ ነው። እህቶችሽም ክፍፍሉን ትንሽ ያቆዩት። የመስቀሉን ጀርባና የደረት ጌጡን ፊደል በቀን ብርሃን አንሺና ላኪልኝ፤ ክብደታቸውንም በወርቅ ሚዛን አስመዝነሽ ጻፊበት። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ