ቀለሙን ከመግዛትሽ በፊት

የኔ ቆንጆ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ አታስቢ። ከጓደኞችሽ ጋር ግድግዳ ልትስሉ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። የላክሽልኝን የቀለም ዝርዝርም አየሁት። ብሩን እልካለሁ፣ ለሱ አትጨነቂ። ግን «ይህ ሁሉ ቀለም ካልተሟላ አንጀምርም» ያልሽውን አልቀበልም፤ ለምን እንደማልቀበል ልንገርሽ።

ከሮም ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ስትዪ ታርኩዊኒያ የምትባል ከተማ አለች። ከሮማውያን በፊት በዚያ አገር ገናና የነበሩት ኢትሩስካውያን ሙታናቸውን ከመሬት በታች ድንጋይ ፈልፍለው በሠሩት ክፍል ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ሞንቴሮዚ በሚባለው ኮረብታ ላይ ብቻ 6000 ያህል መቃብር አለ፣ ከነዚህ ውስጥ 200 ያህሉ ግድግዳቸው የተሳለ ነው። ደረጃውን ወርደሽ መስታወት በር ፊት ትቆሚያለሽ፣ ቁልፍ ስትጫኚ መብራቱ ይበራል። ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ትንፋሻችንና ሙቀታችን ሥዕሉን ይጎዳዋል። እኔ ከሁሉም የምወደው የነብሮች መቃብር የሚባለውን ነው። ከላይ ሁለት ነብሮች ዛፍ መሃላቸው አድርገው ተፋጠዋል፣ ከሥራቸው ሰዎች ጋደም ብለው ግብዣ ላይ ናቸው፣ አንዱ ሰውዬ እንቁላል በጣቱ ይዞ ያሳያል። የወንዶቹ ገላ ቀይ ዳማ፣ የሴቶቹ ደግሞ ነጣ ያለ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተሳለ ነው፣ ቀዩ ግን ዛሬም አለ።

ያ ቀይ ከምን የተሠራ መሰለሽ? ከአፈር! ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ተፈጭቶ ነው። ቢጫውም የዚያው የቀዩ ዘመድ የሆነ አፈር ነው፤ እሳት ላይ ብታቆዪው ይቀላል። ጥቁሩ ከሰል ነው። ነጩ ኖራ ወይም ነጭ ሸክላ አፈር ነው፣ ብዙ ቦታም ልስኑን ባዶውን ይተዉትና እሱው ነጭ ይሆንላቸዋል። ቬዮ በምትባለው ሌላ የኢትሩስካውያን ከተማ ያለው የዳክዬዎች መቃብር ከሁሉም ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፤ እሱ የተሳለው በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ነው፣ በቃ።

«ሌላ ስላልነበራቸው ነው» እንዳትዪኝ። አንዱ ትልቅ ምክንያት ኖራው ነው። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ይለሰናል። ሲደርቅ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ልስኑ እርጥብ እያለ የተቀባውን ቀለም እዚያው ይዞት ይቀራል። እንቁላልም ሙጫም አያስፈልገውም። ነገር ግን ኖራ ኃይለኛ ነው፣ ከአበባና ከቅጠል የሚወጣውን አብዛኛውን ቀለም ያጠፋዋል ወይም መልኩን ይለውጠዋል። አፈርን ግን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ልጄ፣ ቀለሙን የሚመርጥልሽ ግድግዳው ነው። አንቺ ግን ዝርዝሩን ስትጽፊ ስለ ግድግዳው አንድም ቃል አላነሳሽልኝም። ሲሚንቶ ነው? ጭቃ ነው? ቀለም ተቀብቶ ያውቃል? ውሃ ይገባዋል?

እነሱ ከዚህ ነበር የሚነሱት። የታርኩዊኒያ ድንጋይ ማኮ ይባላል፣ ቢጫ ቢጫ የሚል ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። ቼርቬቴሪ የምትባለው ሌላዋ ከተማቸውና የቬዮ ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቱፍ የሚሉት ነው። መጀመሪያ ላይ ድንጋዩን አለስልሰው በቀጥታ ይቀቡት ነበር፣ በኋላ ከሸክላ አፈርና ከኖራ ስስ ልስን መሥራት ጀመሩ። ንድፉን በሹል ነገር ይጭሩታል ወይም በቀጭን ቀይ መስመር ያወጡታል። ቀጥ ያለ መስመር ሲፈልጉ ቀለም ውስጥ የተነከረ ገመድ ግድግዳው ላይ ወጥረው ሳብ አድርገው ይለቁታል፣ አናጢዎች እስካሁን እንደሚያደርጉት። የተጫረው ንድፍና የመጨረሻው ቅብ የማይገጥምበት ቦታም አለ፤ ሠዓሊው እየሠራ ሐሳቡን ለውጧል ማለት ነው። እሱን ሳይ ሰውዬውን ያገኘሁት ያህል ይሰማኛል።

ሰማያዊው ግን የእሳት ሥራ ነው። የግብፅ ሰማያዊ ይባላል፣ ግብፆች ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት ይሠሩት ነበር። አሸዋ፣ ኖራ፣ መዳብና ትንሽ አመድ መሰል ጨው አብረው ከ850 እስከ 1000 ዲግሪ ሙቀት ይጋገራሉ። ሙቀቱ ካነሰ አይሆንም፣ ከበዛ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ብርጭቆ ይለወጣል። የወጣው ቁራጭ ይፈጫል፤ ሻከር ብሎ ከተፈጨ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ በደንብ ከላመ ይነጣል። አንዷን ቀለም ሦስት አራት ዓይነት የሚያደርጋት አፈጫጩ ብቻ ነው! አረንጓዴ ሲፈልጉ ማላካይት የሚባለውን የመዳብ ድንጋይ ይፈጫሉ፣ ወይም ይህን ሰማያዊ ከቢጫው አፈር ጋር ይደባልቃሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. የተገኘው የሰማያዊ አጋንንት መቃብር ስሙን ያገኘው አንዱ ጋኔን ሰውነቱ ሰማያዊ ስለሆነ ነው። ይህ የግብፅ ሰማያዊ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለው። ቀይ ብርሃን ሲበራበት በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይሰጣል። ባለሙያዎቹ በልዩ ካሜራ ሲያነሱት በዓይን ጠፍቶ የነበረው ሰማያዊ፣ ጥቂት ቅንጣት እንኳ ከቀረው፣ ነጭ ሆኖ ያበራል።

እና የምልሽ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳውን እዩት። ከጥጉ አንድ ክንድ የምታህል ቦታ በኖራ ለስኑና ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈር፣ ከሰል ሞክሩበት። አፈሩን ደጋግማችሁ በውሃ እጠቡት፣ አሸዋው ከታች ይቅር፣ የላመውን ብቻ ውሰዱ። በደንብ ሳይደርቅ አትፍረዱ፣ እርጥብ ሲሆን ጠቁሮ ይታያል። ለሰማያዊው ብሩን እኔ አለሁ፣ ግን ከኖራ ጋር የሚስማማ መሆኑን ሻጩን ጠይቂ።

ኖራውን በባዶ እጅ እንዳትነኪ፣ ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው። የግድግዳውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከቅርብም ከሩቅም።

የምትወድሽ እናትሽ